ስለ መገናኛ መረብ ምርምር፤ በአሰላ ኮረብታዎች ላይ የተማርነው

(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ኅብረታችን በዚህ መድረክ ላይ ንግግር እንድናደርግ በጋበዘን ጊዜ ስለ ምን እንናገር ብለን ብዙ ተከራከርን። ከመካከላችን አንዳንዶቹ ስለ ወደፊቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ዕድገት እንናገር አሉ። ነገር ግን ስለ ወደፊቱ የሚናገር ሰው በየስፍራው ሞልቷል፤ ሠርቶ የተሳሳተውን የሚናገር ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ የሠራነውንና የተሳሳትነውን ብንናገር ይሻላል በማለት ተስማማን። ይኸውም ባለፈው ጥር የመመረቂያ ጥናታችንን ለመፈጸም ወደ አርሲ ደጋ ወጥተን ስለ ሞከርነው የሬዲዮ መስመር ነው።

አሰላን የማያውቃት ሰው በመካከላችን ይኖራል ብለን አናስብም። ከአዲስ አበባ በአዳማ በኩል 175 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን የምናገኛት፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። አገሩ በስንዴውና በገብሱ የታወቀ ነው፤ በሯጮቹም ስሙ ዓለምን ዞሯል። ለመገናኛ መሐንዲስ ግን የአርሲ ትልቁ ነገር ጭላሎ ነው። ይህ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ፣ ክንፎቹን ወደየአቅጣጫው ዘርግቶ ይቀመጣል። ለገበሬው ዝናብና ምንጭ ይሰጠዋል፤ ለሬዲዮ ሞገድ ግን ግድግዳ ነው። አንዱ መንደር ድምፁ ጥርት ብሎ ሲሰማ፣ ከሸንተረሩ ማዶ ያለው ጎረቤቱ ምንም አይሰማም።

ለጥናታችን ምክንያት የሆነን በሳጉሬ አቅጣጫ ያለ አንድ መንደር ነው። መንደሩ የጤና ኬላ አለው። የኬላዋ ሠራተኛ ወላድ ምጥ ሲጸናባት አምቡላንስ ለመጥራት ከኬላው ወጥታ፣ ቁልቁለቱን ወርዳ፣ ከማዶ ወዳለው ጉብታ ትወጣለች። ስልክ የሚይዝላት እዚያ ብቻ ነውና። መንገዱን በእግራችን ሄደን በሰዓት ብንለካው 20 ደቂቃ ፈጀብን። እኛ የሄድነው በቀትር፣ በደረቅ መሬት፣ ምንም ሳያስጨንቀን ነው። በሐምሌ ሌሊት በጭቃው ውስጥ ምን ያህል እንደሚፈጅ ግን እያንዳንዱ ራሱ ይገምተው።

እንግዲህ አገራችን ለመገናኛ ሥራ እንግዳ አይደለችም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሐረርን ከአዲስ አበባ ጋር ያገናኘው የስልክና የቴሌግራፍ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ነበር። በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ፤ በ1989 ዓ.ም. ኢንተርኔት፣ በ1991 ዓ.ም. ደግሞ ተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት ጀመሩ። በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛ አገልግሎት ሰጪ ድርጅት ገበያውን ተቀላቀለ። ይህ ሁሉ ታላቅ ሥራ ነው። ሆኖም በካርታ ላይ በተቀባ ቀለምና በአንዲት የጤና ሠራተኛ እጅ ባለ ስልክ መካከል ገና ርቀት አለ። የእኛ ጥያቄ፣ ይህን ርቀት ተማሪ በእጁ ባሉት መሣሪያዎች ሊያጠናው ይችላልን? የሚል ነበር።

መሣሪያዎቹን በየተራ እንመልከታቸው።

የመጀመሪያው መሣሪያ እርሳስና ወረቀት ነው። እኛ ያሰብነው መስመር ከአሰላ ዳር ካለ ኮረብታ ተነሥቶ እስከ ጤና ኬላው የሚደርስ የ12 ኪሎ ሜትር መስመር ነው። ድግግሞሹ 5.8 ጊጋኸርዝ ነው። በዚህ ድግግሞሽ 12 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞገድ፣ ምንም ነገር ባይጋርደው እንኳ፣ 129 ዴሲቤል ያህል ይደክማል። የዴሲቤልን ነገር ለማያውቁ ጓደኞቻችን፤ 3 ዴሲቤል መቀነስ ኃይሉ በግማሽ መውረዱ ነው፤ 10 ዴሲቤል መቀነስ ደግሞ ኃይሉ ከዐሥር አንድ እጅ መቅረቱ ነው። የእኛ ማሠራጫ 100 ሚሊዋት፣ ማለትም 20 ዲቢኤም ይሰጣል። በሁለቱ ጫፍ ያሉት አንቴናዎች እያንዳንዳቸው 24 ይጨምራሉ፤ ገመዶቹና ማያያዣዎቹ 2 ይበላሉ። ደምረን ስንቀንስ ወደ ተቀባዩ የሚደርሰው ከዜሮ በታች 63 ዲቢኤም ይሆናል። ለጥሩ መስመር ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ነገር ግን ሞገድ እንደ ክር ቀጥኖ አይሄድም። መካከሉ ወፈር፣ ሁለቱ ጫፎቹ ሾል ያለ ሰፊ መተላለፊያ ይፈልጋል፤ ይህንንም በፈረንሳዊው ሊቅ ስም የፍሬኔል ቀጠና ይሉታል። በእኛ መስመር የቀጠናው አጋማሽ ከመሀል እስከ ዳር 12.5 ሜትር ያህል ነው። ቢያንስ ከ100 60 እጁ፣ ማለት 7.5 ሜትር ያህሉ፣ ከማናቸውም እንቅፋት ነፃ መሆን አለበት። በዚህ ላይ የመሬት ክብነት በመስመሩ አጋማሽ ላይ 2 ሜትር ያህል ይነሣል። ስለዚህ ሰው በዐይኑ ማዶውን ስላየ ብቻ ሬዲዮውም ያያል ማለት አይደለም።

ሁለተኛው መሣሪያ የመሬት ከፍታ ካርታ ነው። በየካቲት 1992 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ መንኰራኩር በ11 ቀን በረራ የአብዛኛውን የምድር ገጽ ከፍታ በራዳር ለካ። ይህ መረጃ ዛሬ ለማንም ሰው በነፃ ይገኛል። በእርሱም ላይ ሎንግሊና ራይስ የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለወጣ ገባ መሬት ያዘጋጁትን የስሌት ዘዴ የሚጠቀሙ ፕሮግራሞች አሉ። እኛም የመስመራችንን ቁመና በዚህ አወጣነው። ካርታው ምንም እንቅፋት አላሳየንም።

ሦስተኛው መሣሪያ ሲሙሌሽን፣ ማለትም በኮምፒዩተር የማስመሰል ሙከራ ነው። በሙያችን ኤን ኤስ ስሪ እና ኦምኔት የተባሉት ፕሮግራሞች ብዙ ያገለግላሉ፤ በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ሙሉ መረብ ለማቋቋም ደግሞ ሚኒኔት አለ። እነዚህ ሁሉ ያለ ክፍያ የሚገኙ በመሆናቸው ለእንደኛ ያለው ተማሪ ትልቅ ጸጋ ናቸው። መቶ ራውተር ለመግዛት አቅም የሌለው ተማሪ መቶ ራውተር ያለበት መረብ ሊያጠና ይችላል። ግን ልብ እንበል! ሲሙሌሽን የሚመልሰው የነገሩትን ያህል ነው። መሬቱ ሜዳ ነው ካሉት ሜዳ ነው ብሎ ይሠራል። መብራት አይጠፋም ካሉት አይጠፋበትም። ብዙዎቻችን ፕሮግራሙ ከፋብሪካው ይዞት የመጣውን ቁጥር ሳንነካ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አስኬደን፣ የወጣውን ሥዕል ወደ ጽሑፋችን እንገለብጣለን። ይህ ስሕተት የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ሦስት ተመራማሪዎች በአንድ ታላቅ የሙያ ጉባኤ ላይ የቀረቡ ጽሑፎችን መርምረው፣ አብዛኞቹ ሲሙሌሽኖች ሌላ ሰው ሊደግማቸው የማይችል ሆነው እንዳገኟቸው ጽፈዋል። ሊደገም የማይችል ሙከራ ምርምር ነውን?

አራተኛው የመለኪያ መሣሪያ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ታናሹና አንጋፋው፣ ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1983 የጻፈው ፒንግ ነው፤ ትንሽ መልእክት ልኮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይቈጥራል። ትሬስሩት መልእክቱ በየትኛው በር እንዳለፈ ያሳያል። አይፐርፍ መስመሩ በሴኮንድ ምን ያህል ሊሸከም እንደሚችል ይለካል። ዋየርሻርክ ደግሞ በመስመሩ ላይ የሚተላለፈውን እያንዳንዱን ፓኬት ከፍቶ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1998 ኢቴሪያል ተብሎ ወጣ፤ የዛሬውን ስሙን ያገኘው በ2006 ነው።

ስለ ፒንግ አንድ ምሳሌ እንስጥ። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከአሰላ አዲስ አበባ በመንገዱ ርቀት ቢቈጠር፣ ደርሶ መልሱ ከ2 ሚሊሴኮንድ አይበልጥም። እንግዲህ ፒንግ 80 ወይም 100 ሚሊሴኮንድ ቢያሳይ ጥፋቱ የርቀት አይደለም፤ ወይ መልእክቱ ወረፋ ጠብቋል፤ ወይ ዙሪያ መንገድ ሄዷል። ይህን ቀላል ስሌት አስቀድሞ ያልሠራ ተማሪ፣ በእጁ ያለው ቁጥር ምን እንደሚነግረው አያውቅም።

አሁን ወደ ታሪካችን እንመለስ። አስፈላጊውን ፈቃድ አግኝተን፣ የመኪና ባትሪዎቹን በፈረስ አስጭነን፣ ግማሾቻችን ወደ አሰላው ኮረብታ፣ ግማሾቻችን ወደ ጤና ኬላው ሄድን። አንቴናዎቹን ተከልን፤ ፊት ለፊት አስተያየናቸው፤ ለካን። ከዜሮ በታች 63 ይመጣል ያልነው ከዜሮ በታች 75 ሆኖ መጣ! የ12 ዴሲቤል ጉድለት ነው። ይህም ማለት ኃይሉ ከጠበቅነው ከ16 አንድ እጅ ብቻ ሆኗል ማለት ነው። ማያያዣዎቹን ፈታን፣ ጠረግን፣ መልሰን አጠበቅን። አንቴናዎቹን ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች አዞርን። ቁጥሩ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

እዚህ ላይ፣ ክቡራን መምህሮቻችን፣ አንድ ነገር ልንሰውር አንፈልግም። ያን ዕለት ማታ በማደሪያችን ክርክር ተነሣ። ጽሑፉን የምናስገባበት ቀን ቀርቦ ነበር። የሲሙሌሽኑ ሥዕል ውብ ነው፤ ካርታው ይስማማል፤ ስሌቱም ይስማማል። ታዲያ ሦስት ምስክር እያለን በአንድ መጥፎ ቁጥር ለምን እንጨነቃለን? ልኬቱን ትተን ሲሙሌሽኑን ብቻ እናስገባ የሚል ሐሳብ ከመካከላችን ቀረበ። ያቀረበው ሰነፍ ጓደኛችን አልነበረም፤ ይልቁን ከሁላችን የበለጠ ትጉህ የሆነው ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙዎቻችን በልባችን ተስማምተን ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ያን ሌሊት ብንቸኩል ኖሮ ዛሬ በፊታችሁ የምንናገረው ባልኖረን ነበር። የመለሰን አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት፤ ይኸን መስመር ይሠራል ብለን ጽፈን፣ በጽሑፋችን ተማምኖ የሚተክለው ሰው ቢመጣስ? በዚያ ሌሊት ጉብታውን የምትወጣው እኛ አይደለንም።

በማግሥቱ የመስመሩን መንገድ በእግር ለመከተል ወሰንን። እኩሌታው ላይ ስንደርስ በሸንተረሩ ዳር የቆመ የባሕር ዛፍ ደን አገኘን። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከሥሩ ተቀምጠዋል። ኦሮምኛ የሚያውቀው ጓደኛችን ሰላምታ ካቀረበ በኋላ፣ «አባባ፣ ይኸ ባሕር ዛፍ መቼ ተተከለ?» ሲል ጠየቃቸው።

«ይኸ የመጨረሻ ልጄ ሲወለድ የተከልሁት ነው» አሉ። «እርሱ ዛሬ ዐሥረኛ ክፍል ነው፤ ዛፉ ግን ከእርሱ ቀድሞ ጎልምሷል።»

ነገሩ ሁሉ ተገለጠልን። ካርታችን የተለካው በ1992 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ዛፉም አልነበረም፤ ልጁም አልተወለደም። ካርታው አልዋሸም፤ ያረጀ እውነት ነገረን እንጂ። ሲሙሌሽኑ ከካርታው ተቀበለ፤ እኛም ከሲሙሌሽኑ ተቀበልን። ሦስት ምስክር ያልናቸው አንድ ምስክር ነበሩ! ወደ ወረቀታችን ተመልሰን ቈጠርን። የጉብታ ጫፍ የእይታውን መስመር ልክ ቢነካው 6 ዴሲቤል ያህል ይወስዳል። በእኛ መስመር አጋማሽ ላይ 7 ሜትር ያህል ከመስመሩ በላይ ቢወጣ ደግሞ ጉድለቱ ወደ 12 ዴሲቤል ይደርሳል። ቅጠል እንደ ዐለት ሞገድን ፈጽሞ የሚያቆም ባይሆንም፣ የዛፎቹን ቁመት በጥላቸው ስንለካ ከዚህ ስሌት ብዙ አልራቀም። የአሰላውን አንቴና ነቅለን በዚያው ኮረብታ ላይ 200 እርምጃ ያህል ፈቀቅ አድርገን ብንተክለው፣ መስመሩ በደኑ ጎን አለፈ፤ ቁጥሩም ወደ ስሌታችን ተጠጋ። ደስታችንን ልንነግራችሁ አንችልም።

ጓደኞቻችን ሆይ! ይህ አሠራር ለአርሲ አዲስ ነገር አይደለም። ከአሰላ በስተሰሜን ባለው በቁሉምሳ፣ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ፣ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የስንዴ ዘር በመሬቱ ላይ ይፈትን ነበር። ዛሬም ቁሉምሳ የታወቀ የስንዴ ምርምር ማዕከል ነው። ከውጭ የመጣ ዘር በመጣበት አገር ብዙ አፈራ ተብሎ ብቻ ለገበሬ አይሰጥም፤ በዚህ አፈር፣ በዚህ ዝናብ፣ በዚህ ዋግ መካከል ተዘርቶ ይታያል። ለስንዴ የምንጠነቀቀውን ያህል ለመረብ ስሌት ለምን አንጠነቀቅም?

የቀሩት ችግሮች ብዙ ናቸው፤ ዋና ዋናዎቹን ብቻ እንጥቀስ።

አንደኛው የአየሩ ጠባይ ነው። እኛ የለካነው በጥር፣ በበጋ ነው። የረጠበ ቅጠል ከደረቀ ቅጠል የበለጠ ሞገድ ይውጣል፤ ስለዚህ በሐምሌ ተመልሰን ካልለካን ጥናታችን ግማሽ ነው። በ5.8 ጊጋኸርዝ ዝናቡ ራሱ ብዙ አይጎዳም፤ ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ በሆኑት መስመሮች ላይ ግን ከባድ ዝናብ መስመሩን እስከ ማቋረጥ ይደርሳል። ሁለተኛው መብረቅና ኃይል ነው። በኮረብታ ጫፍ ላይ የቆመ ብረት መብረቅን ይጠራል፤ ጥሩ የመሬት ሽቦ ያስፈልገዋል። በመረሬ አፈር ላይ ይህ ይቀላል፤ ዐለት ላይ ግን ጭንቅ ነው። ባትሪና የፀሐይ ኃይልም ከማሠራጫው እኩል መጠናት አለባቸው። መብራት በጠፋበት ሌሊት የሚጠፋ መስመር፣ በሚፈለግበት ሌሊት የሚጠፋ መስመር ነውና።

ሦስተኛው የመሣሪያ እጥረት ነው። እውነተኛ የሞገድ መመርመሪያ ዋጋው የሚያስደነግጥ ነው፤ ቢኖርም በቁልፍ ተቈልፎ ይኖራል፤ ቁልፉ ያለው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ለስብሰባ ወጥቷል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ግን ለቴሌቪዥን መቀበያ የተሠራ አንድ ትንሽ ርካሽ መሣሪያ ከኮምፒዩተር ጋር ተያይዞ እንደ ሬዲዮ መመርመሪያ እንደሚያገለግል ታውቋል። እስከ 1.7 ጊጋኸርዝ ያህል ብቻ ስለሚሰማ ለእኛ የ5.8 መስመር አልጠቀመም፤ በ900 ሜጋኸርዝ የሚሠራውን የተንቀሳቃሽ ስልክ ሞገድ በየጉብታው ለማየት ግን በቂ ነው። አራተኛው የሰው ክብር ነው። ዋየርሻርክ የሌላውን ሰው መልእክት ለማየት ያስችላል፤ ስለሚቻል ግን አይፈቀድም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጅ፣ ቁጥር 958፣ ያለ ፈቃድ መጥለፍን ይከለክላል። ሕጉ ባይኖርም እንኳ፣ የጤና ኬላ መስመር ላይ የሚተላለፈው የሕመምተኛ ምስጢር ነው። እኛ የራሳችንን የሙከራ መልእክት ብቻ ልከን የራሳችንን ብቻ ለካን።

አምስተኛውና የከፋው የመዝገብ እጦት ነው። ከእኛ በፊት የተመረቁ ተማሪዎች ኮረብታ አልወጡም ብለን አናምንም። ግን የት እንደ ወጡ፣ ምን እንደ ለኩ፣ በምን እንደ ተሳሳቱ የሚነግረን አንድ ገጽ አላገኘንም። የተጠረዘው ጽሑፍ የተሳካውን ብቻ ይናገራል። እያንዳንዱ ትውልድ ከዜሮ ይነሣል፤ ያንኑ ባሕር ዛፍ እንደገና ያገኘዋል።

ስለዚህ በኅብረታችን ፊት አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። አንድ የልኬት መዝገብ ይቋቋም። በእርሱም እያንዳንዱ የጥናት ቡድን ቦታውንና ከፍታውን፣ ቀኑንና የአየሩን ጠባይ፣ መሣሪያውንና የተጠቀመበትን ቁጥር፣ ሲሙሌሽን ከሆነም የፕሮግራሙን ዕትምና ስንት ጊዜ እንዳስኬደው ይጻፍ። ከሁሉ በላይ ያልሠራውን ይጻፍ። መምህሮቻችንም ያልተሳካ ልኬት በእውነት የጻፈ ተማሪን፣ የተዋበ ሥዕል ካቀረበው እንዳያሳንሱብን በትሕትና እንለምናለን። ገንዘብ አንጠይቅም፤ ደብተርና መደርደሪያ ይበቃናል። የመጀመሪያውን ገጽ እኛ ጽፈነዋል፤ የ12 ዴሲቤሉ ታሪክ ነው።

በመጨረሻም፤ መስመራችን ለሙከራ እንጂ ለዘለቄታ የተተከለ አልነበረም። መሣሪያው የተዋስነው ነበርና ነቅለን ተመልሰናል። የጤና ሠራተኛዋ ስትሸኘን፣ «መቼ ትመለሳላችሁ?» አለችን። በሐምሌ ብለናታል። ይህን ቃል በእናንተ ፊት የተናገርነው፣ እንዳንረሳው ምስክር እንድትሆኑን ብለን ነው። ለሐምሌው ጉዞ አብሮን የሚወጣ፣ ጭቃ የማይፈራ ጓደኛ ካለ ከስብሰባው በኋላ ስሙን ያስመዝግብ።